አለሁ ባዩ

ኔትወርክ ሊጠግን የመጣው ሰውዬ ክርኑ ላይ የሳሳ ሹራብ ለብሷል። በየመሀሉ ስልኩን አንስቶ ይደውላል፣ ጆሮው ላይ ያቆየዋል፣ የሚያነሳለት ሲያጣ መልሶ ጭኑ ላይ ያስቀምጠዋል። የቢሮው ፀሐፊ ከጎኑ ቆማለች። በኔትወርኩ ገመድ የሚያልፈውን ሁሉ እየቀዳ የሚያሳየው ፕሮግራም ላፕቶፑ ላይ መስመር ያንዠቀዥቃል፤ አንዱ መስመር ግን እየተመላለሰ ይመጣል።

«ምንድን ነው እሱ፣ ጋሼ?»

«ያንቺ ኮምፒውተር ነው፣ እህቴ። አንድ አድራሻ ይዞ ‹የት ነህ?› እያለ ቤት ያለውን ማሽን ሁሉ ይጠይቃል። ሁሉም ይሰማዋል፤ እኔ ነኝ የሚል ግን የለም።»

የአድራሻውን ቁጥር ስታየው ክው አለች። አሮጌው ፕሪንተር ላይ በእጇ የለጠፈችው ነው፤ ፕሪንተሩ ከተጣለ ዓመታት አልፈዋል። እሷ ስታዛጋ፣ ስትስቅ፣ ከሰው ስትጣላ፣ ይኼ ጠረጴዛዋ ስር ያለ ዕቃ ሳይሰለቸው ሲጣራ ኖሯል!

«እንግዲያ ይሰረዝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ይሰረዛል። ቆይ ግን፣ የተጣራ አንዴ እንኳ አቤት ይባላል እንጂ!» አለና የተጣለውን ፕሪንተር አድራሻ ለራሱ ላፕቶፕ ሰጠው። ስክሪኑ ላይ አዲስ መስመር ብቅ አለ፤ እኔ ነኝ፣ እዚህ ነኝ የሚል መልስ ነው። ጥያቄው ወዲያው ቀጥ አለ።

ፀሐፊዋ እንደ ተአምር አፍጥጣ ቀረች።

ሰውዬው ስክሪኑን በሹራቡ እጅጌ ወለወለና እንደገና ስልኩን አንስቶ ደወለ። ይጠራል። ይኼኔ ፀሐፊዋም ትንፋሿን ውጣ አብራው ጠበቀች።