የአውራ ዶሮዬን እናት ፍለጋ

ቅዳሜ ንጋት 12 ሰዓት፣ ዓለም ገና

የጅማ መንገድ ጭጋግ ለብሷል። ሚኒባሱ ጎመንና ካሮት ጭኗል፤ እኔ ጉልበቴ ላይ ባዶ ካርቶን ይዣለሁ።

«ለምንድነው?» አለኝ ሾፌሩ።

«ተከሳሽ ላመጣበት ነው።»

1 ሰዓት ተኩል፣ ሰበታ

ተከሳሹ አምና ከሱሉልታ ገዝቼ ለአክስቴ ለእትዬ ዘነበች ያመጣሁላቸው ቀይ አውራ ዶሮ ነው። ግቢው መሃል ደረቱን ነፍቶ ይንጎራደዳል።

«የድሮዎቹ ዶሮዎቼ ሲጥሉ ነው የሚውሉት» አሉ። «የሱ ልጆች ትንሽ ይጥሉና ቁጭ ብለው ያቅፋሉ።»

«እትዬ፣ እሱ እኮ ወንድ ነው። ምን አጠፋ?»

«ያመጣኸው አንተ ነህ። ወይ ምክንያቱን አምጣ፣ ወይ ለበዓል አርደዋለሁ።»

5 ሰዓት፣ ቡራዩ

ታክሲ ውስጥ ካርቶኑ ሁለቴ ጮኸ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ትዕግስት ዶሮ ታረባለች። የአክስቴን ክስ ነግሬያት ላባውን ላሳያት ስል አቋረጠችኝ።

«እናቱ ስንት ትጥል ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«አውራ አይጥልም፤ የእናቱን ነገር ግን ለሴት ልጆቹ ያወርሳል። ማቀፍ መውደድም በዘር ይሄዳል። መኖም ይወስናል፣ አክስትህ ግን በመኖ አይታሙም። ሂድና እናቱን እያት።»

9 ሰዓት፣ ሱሉልታ

ሯጮች በአስፋልቱ ዳር ያልፋሉ። ዶሮውን የሸጡልኝ ኦቦ ደቻሳ በራቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«አካም ጅርቱ ኦቦ? የዚህ እናት አለች?»

«ኩኖ፣ ይቻት» ብለው ቅርጫት ውስጥ ያቀፈች ዶሮ አሳዩኝ። «አሥራ ሁለት ያህል ትጥልና ትቀመጣለች። ጫጩት በማሳደግ ግን የሚደርስባት የለም።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተ የጠየቅከው ስለ ቀለሙ ነበር።»

«እናቱ ብዙ የምትጥል አውራስ ይኖርዎታል?» አልኳቸው። አንገቱ የተመለጠ፣ ዳለቻ አውራ ዶሮ ይዘው መጡ። «የዚህ እናት መጣል እንጂ ማቀፍ አታውቅም።» ገዛሁት።

እሁድ ጠዋት፣ ሰበታ

«ይሄ ታሟል እንዴ?» አሉ እትዬ ዘነበች። የእናቱን ነገር አስረዳኋቸው።

«ቀዩን እንረደው?» አልኩ።

«አይታረድም። አጥር ማዶ ላለችው ጎረቤቴ ስጦታ ይሁን። በዶሮዎቿ እንቁላል ብዛት ጆሮዬን አደንቁራዋለች።»

ራሴ ወሰድኩት። ጎረቤቷ በግርማው ተደንቀው መረቁኝና አሥር እንቁላል በሰሃን ሰጡኝ። አክስቴ ወዲያው ጠብሰው አቀረቡልኝ።

«ብላ» አሉኝ፣ ሰሃኑን ወደ እኔ እየገፉ። «ለከርሞ አይገኝም።»