ብርጭቆ አጣቢው ፍሪማሶን

ወረታ ጉረኛ አይጠፋባትም፤ እንደ ቢሻው አንለይ ያለውን ግን የፎገራ ጭቃ ደግሞ አያበቅለውም። ሰውየው አሥመራ ስድስት ዓመት ኖሮ በ፲፱፻፶፪ ዓ.ም. ሲመለስ፣ ይዞ የገባው አንድ ያረጀ ኮትና አንድ ነጭ የቆዳ ሽርጥ ነው። ሽርጡ ላይ ኮምፓስና ስኳድራ የሚሉት የግንበኛ ማዕዘን መለኪያ ተጠልፎበታል። ፍሪማሶን የሚባሉ ፈረንጆች በራቸውን ዘግተው ምሥጢር ሲማማሉ የሚታጠቁት ነው። ቢሻው በሩ ከተዘጋ ወዲያ የገባበት ቀን የለም፤ ሥራው ጓዳ ሁኖ ብርጭቋቸውን ማጠብ ነበር። ፈረንጁ ጌታው ወዳገሩ ሲገባ የጣለውን ሽርጥ ከጥራጊ ላይ አነሣ፤ ማዕረጉንም አብሮ ያነሣ መሰለው።

ጠላ ቤት ሲገባ አውራ ጣቱን አጥፎ ሰው ይጨብጣል። «ምንድን ነው ይኸ?» ሲሉት፣ «ምዬበታለሁ፣ አልናገርም» ይላል። የማያውቀውን ምሥጢር የሚጠብቅ ሰው መቼም እንቅልፉን ይተኛል፤ ሌባ አያሰጋው! ገበሬው ግን የደብተራ ጥበብ መስሎት ፈራው፤ ከመደቡ ላይኛውን ቦታ ለቀቀለት። ጎረቤቱ በላቸው እንዲያውም ላሚቱ ብትነጥፍበት መድኃኒት ሊለምነው መጣ። ቢሻውም ጭንቅላቱን ነቅንቆ፣ «ጊዜው አልደረሰም» አለው።

በ፶፬ ኅዳር ሲያልቅ አባቱ አቶ አንለይ ሞቱ። የአርባቸው ተዝካር ሲቃረብ፣ የቤቱ ንስሐ አባት የቁሐር ሚካኤሉ መምሬ ማረው ቢሻውን ከእኅቱ ግቢ ጠሩት። ታላቂቱ አገኘሁሽ ብቅል ታሰጣለች፤ በላቸው ለድግሱ እንጨት ይፈልጣል።

«ይኸ የምትታጠቀው ነገር የክርስቲያን ነው?»

«ምን ጣጣ አለው፣ አባቴ? እነሱም እግዜርን ታላቁ ግንበኛ ነው የሚሉት። ክርስትናና ፍሪማሶን እንደ ጥማድ በሬ ናቸው፤ አብረው ያርሳሉ።»

«በሬ ስትገዛ ጥርሱን ታያለህ። ይኸ በሬህ አፉን የማይከፍተው ምን ሁኖ ነው? ጌታ ያስተማረ በአደባባይ ነው፤ ለንስሐ አባት የማይነገር መሐላ ክርስቲያን የለውም። የማልኸውን ንገረኝና ቀኖና ልስጥህ። አለዚያ ካባትህ ተዝካር አትቆምም፤ ከአጥር ውጭ ነህ።»

መምሬ እውነታቸውን ነው፤ ባንድ ጉልበት ለሁለት መሠዊያ መንበርከክ የለም። የተሳሳቱት ቢሻውን ከቁም ነገር መቁጠራቸው ነው።

አገኘሁሽ ብቅሉን ትታ መጣች። «አንተ ወንድሜ፣ ላባታችን ስትል ተናገር! ሰው ገደልህ? ምን አደረግህ?»

«እታለም፣ እኔኮ...» አለና አፉን ከፈተ። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር፤ ብርጭቆ አጣቢ ነበርሁ ማለት። መምሬም ስቀው ይተዉት ነበር፤ አባቱንም ልጅ ሁኖ ይሸኝ ነበር። ነገር ግን ቀና ሲል በላቸውን አየው። ጠገራውን አንሥቶ፣ ሳይፈልጥ፣ ጆሮውን አቁሟል። ነገ ጠላ ቤቱ ሁሉ ሊሰማ ነው!

«ምዬበታለሁ» አለ ቢሻው።

«እንግዲያስ መሐላህ ይቅበርህ!» ብለው መምሬ መስቀላቸውን ሳያሳልሙት ሄዱ።

የተዝካሩ ዕለት ቢሻው ሽርጡን ታጥቆ ከእሾህ አጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ውስጥ በሬ ታርዷል፤ ካህናቱ ይጸልያሉ። ወደ ድግሱ የሚገቡ ሁለት ሽማግሎች ባጠገቡ ሲያልፉ፣ አንደኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምን ያለ ብርቱ ምሥጢር ቢሆን ነው፣ ላባቱ እንኳ ያልሰበረው!» አለ። ቢሻው ይህን ሰምቶ አንገቱን አቀና። ደስ አለው፤ ውሸቱን አይደለም፣ በእውነት ደስ አለው።

ወዲያው መምሬ ማረው የአባቱን የክርስትና ስም ሲጠሩ ተሰማ። ቢሻው ተነሥቶ ቆመ፤ ኮፍያውንም አወለቀ። ያየው የለም፤ ሰው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ካህናቱ ዞሯል።