የልጄ ባልና ባለኩምቢዋ ትል

የልጄ ባል ሥራው ትል መለየት ነው። ሳቁ እንጂ! እኔም መጀመሪያ ልጄ ስትነግረኝ ስቄ ስቄ ጎኔን ወግቶኛል። «እማዬ፣ የውሃ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነው» ብላ ነበር የጀመረችው። እኔ መቼም መጠርጠር ልማዴ ነው፤ ሰቅዤ ስይዛት ነው የውሃ ትል መሆኑ የወጣው። ሰፈሩም አልማረውም፤ «ትል ቆጣሪው» ነው የሚለው። ማን ነገራቸው አትበሉኝ።

የሚሠራው ምድር ቤት ነው። ምሳ ላደርስ እየሄድኩ አይቼዋለሁ። ሃያ ሁለት ደረጃ ወደ ታች፣ መስኮት የሌለው ክፍል፣ አንድ አምፖል፣ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ብልቃጥ። የአልኮሉ ሽታ አፍንጫ ይሰነጥቃል። በየብልቃጡ ክር የሚያካክሉ ትሎች አሉ፤ አብራቸው በእርሳስ የተጻፈች ቁራጭ ወረቀት አለች። በእስክሪፕቶ ከተጻፈ አልኮሉ ይልሰዋል አሉ። ከየትኛው ወንዝ፣ ከየትኛው ሐይቅ፣ መቼ እንደተያዙ ነው የምትናገረው። ግድግዳው ላይ ደግሞ ካርታ ተሰቅሏል፤ የቱ ትል የት እንደሚኖር በባለቀለም መርፌ ተሰክቶበታል።

«አንተ፣ ትል ሁሉ ያው ትል አይደለም እንዴ?» አልኩት አንድ ቀን።

«እማማ፣ ይምጡ ይዩ» ብሎ ዓይኔን መስታወቱ ላይ አስደገፈኝ። ለካ ጎናቸው ላይ ጸጉር አላቸው! የአንዱ ጫፉ እንደ ሹካ ሁለት ነው፣ የሌላው ሾጣጣ። እሱን እየቆጠረ ነው ዘራቸውን የሚለየው። ቀዩ ቆሻሻ ጭቃ ውስጥ ጭራውን ወደ ላይ አድርጎ ይኖራል፤ ሌላው ውሃው ንጹህ ካልሆነ አይበረክትም። አንዷ ደግሞ አፍንጫዋ እንደ ዝሆን ኩምቢ ረዝሟል፤ በግድግዳው ካርታ ከሐይቁ ሣር በቀር የትም የለችም።

«ይቺስ የባሌን እህት ቁርጥ!» ስለው ከት ብሎ ሳቀ። እዛ ጉድጓድ ውስጥ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው! ጠዋት ፀሐይ ሳትጠነክር ይወርዳል፣ ሲወጣ ጠልቃለች። ዓይኑ ደከመ፣ ጀርባው ጎበጠ። ሥራውን የሚችል ሌላ ሰው ስለሌለ ፈቃድ እንኳ ሲጠይቅ «ትሎቹን ለማን ትተህ?» ይሉታል። ሐይቁ ዳር የመሥሪያ ቤቱ ጣቢያ አለ፤ ቤት ያለው፣ ዛፍ ያለው፣ በጀልባ የሚሠራበት። የሱም የልጄም ሕልም እዛ መዛወር ነበር። እኔም አልዋሽም፤ ሲሄዱ ክፍላቸው የኔ ነው ብዬ አልጋዬን የት እንደማደርገው ለክቼ ጨርሻለሁ።

አለቃው ደግሞ አፉ ቅቤ ነው። «አዲስ ነገር አግኝልኝ፣ በማግስቱ ሐይቅ ነህ» አለው።

አገኘ! ከላይኛው ወንዝ በመጣ ብልቃጥ ውስጥ ባለኩምቢዋ ብቅ አለች፤ ከሐይቁ የአንድ ቀን መንገድ ርቃ። አለቃው ጨፈረ፤ ካርታው ላይ አዲስ መርፌ ተሰካ፤ የዝውውር ደብዳቤው ተጻፈ። ልጄ ሳህኖቿን በጋዜጣ መጠቅለል ጀመረች። እኔ ለጎረቤት ሁሉ አዳረስኩ፤ ለተኳረፍኳትም ጭምር በአጥር ነገርኳት።

ሊሄዱ አራት ቀን ሲቀራቸው የልጄ ባል በምሳ ሰዓት ቤት መጣ። ልጄ ገበያ ወጥታለች። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን ሆንክ? ማን ሞተ?»

«እማማ፣ መረቡ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ትሉን የሚያመጣለት ሾፌሩ ነው፤ ወንዝና ሐይቅ እየዞረ በመረብ ጭቃና ሣር ያወጣል። ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው ሲሄድ መረቡን አጥቦ ማድረቅ አለበት። እሱ ግን የሐይቁን መረብ እንደረጠበ ጠቅልሎ ወንዝ ወስዶ ነከረው። የልጄ ባል ዕቃ ሊያስረክብ የመረቡን ስፌት በማጉያ መስታወት ቢያይ፣ ሌላ ባለኩምቢ እዛው ደርቃ ተጣብቃለች። ያቺኛዋም ወንዙ ውስጥ አልኖረችም ማለት ነው። በመኪና ነው የሄደችው!

«ማን አየ?» አልኩት።

«እኔ።»

«ካንተ ሌላ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም። መረቡን እጠበው፣ ሚስትህን ይዘህ ሂድ። ትል ፍርድ ቤት ቀርቦ አይመሰክርብህ!»

«እማማ፣ ካርታው ሊታተም ነው። ከኔ በኋላ የሚመጣው ሰው እሷን ፍለጋ የዛን ወንዝ ጭቃ ዕድሜ ልኩን ሲያጣራ ይኖራል። እዛ ምድር ቤት ሌላ ሰው ቀበርኩ ማለት ነው።»

«ያጣራ! ላንተስ ማን አዘነልህ?»

ያቀረብኩለትን ምሳ ሳይነካ ለአለቃው ሊናገር ተነሳ። በሩ ላይ ልቆምበት ብዬ ነበር፤ በጎኔ አልፎ ወጣ።

አለቃው ያባርረዋል ብዬ ነበር፤ መባረርም እኮ መውጣት ነው። እሱ ሆዬ ተነስቶ አቀፈው! «እንዲህ ያለ ታማኝ ሰው ለሐይቅ ሰጥቼ እኔ ማንን ልያዝ?» ብሎ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ቀጥሎ «ሾፌሩ በዚህ መረብ ስንት ዓመት ሠራ?» አለ። ስድስት ዓመት። «በል እንግዲህ፣ የስድስቱን ዓመት ብልቃጥ እንደገና እይልኝ። ካንተ በቀር ማንን አምናለሁ!»

ይሄን የነገረችኝ የአለቃው ጸሐፊ ናት፤ በሩን ገርበብ አድርጋ ሰምታ።

ልጄ ስትሰማ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር። ሳህኖቿን አንድ በአንድ ከጋዜጣው እያወጣች መደርደሪያው ላይ መለሰች፤ እሱ ቆሞ ያያል።

ራት አቀረብኩለት። «ስንት ብልቃጥ ነው?»

«አራት ሺህ ምናምን።»

«ስንት ዓመት ይፈጃል?»

«ከዕለት ሥራዬ ጎን ስምንት። ከበረታሁ ሰባት።»

«ጡረታህስ?»

«ሰባት ዓመት ከመንፈቅ።»

ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። ጣቶቹን አየኋቸው፤ አልኮሉ ነጭ አድርጎ ልጧቸዋል። ቅባት አምጥቼ አጠገቡ አስቀመጥኩለት።

«ይባረኩ እማማ» አለና ተቀባ። «ነገ ማልጄ መውረድ አለብኝ።»