ያልተመታው ሚስማር

ሰፈሩ ግንበኛውን «ውሃ ልክ» ይለዋል፤ የሠራው ግድግዳ ዝንፍ አይልማ! እሱ ግን ስሙን በሰማ ቁጥር ይሸማቀቃል። ከአስራ ሁለት ዓመት በፊት ለምሳ ተጣድፎ የመወጣጫውን ጣውላ ሚስማር ሳይመታበት ሄደ፤ ቀለም ቀቢው ጓደኛው ከነጣውላው ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ግንበኛው «የጣለው ነፋስ ነው» ብሎ ካደ፤ ከዚያ ወዲያ የጓደኛውን ደጅ አልረገጠም።

በመጨረሻ ኀጢአቱ አላስበላ አላስተኛ ቢለው፣ ሄዶ ቀቢው እግር ስር ተደፋ። «ሚስማሩን ያልመታሁት እኔ ነኝ!»

«ጣውላው አብሮኝ ወድቆ የለ እንዴ? ሚስማር እንዳልተመታበት ያኔውኑ አይቻለሁ» አለ ቀቢው። «ክርስቶስ የኔን ጉድ ሁሉ ይቅር ብሎ እኔ አንተን ልይዝህ? ገና ሆስፒታል ተኝቼ ነው የማርኩህ።»

ውሃ ልክ ክው አለ። ሳቁና እንባው ተደባለቁበት። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ምነው ሳትነግረኝ?»

«ደጄን መች ረገጥክና!»