ውሃ ልክ ልጁን እንዴት ጸሎት እንዳስተማረ

ግንበኛ ጓደኛዬን “ውሃ ልክ” የምንለው ያለ ነገር አይደለም። አንዲት ብሎኬት ከመስመር ከወጣች ተራውን ሙሉ ይንደዋል። እኔ ለሳኝ ስለሆንኩ የሱ ግድግዳ ተመችቶኝ ነው የኖርኩት። ችግሩ ልጁንም እንደ ግድግዳ መሥራቱ ነው።

ሚስቱ ከሞተች በኋላ ልጅቷን ብቻውን አሳደጋት። ራት የሚበላው እሷ “አባታችን ሆይ”ን ስትጨርስ ነው። አንዲት ቃል ከዘለለች፣ “ናጂው” ይላታል። ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ወጡ ይቀዘቅዛል። እኔም አንዳንዴ እንግዳ ሆኜ አብሬ እራብ ነበር፤ እንዳትሳሳት ብዬ ያኔ የጸለይኩትን ያህል በዕድሜዬ ጸልዬ አላውቅም።

አደገች፣ ልብስ ስፌት ያዘች፣ ጸሎቱን እርግፍ አድርጋ ተወችው። እሱ አላወቀም።

በኋላ የሲሚንቶው አቧራ ሳንባውን በላውና ሐኪሞቹ “ቤቱ ውሰዱት” አሉ። እንዲህ ሲሉ ምን ማለት እንደሆነ ሰው ይገባዋል።

እሁድ ከሰዓት አልጋው አጠገብ ተቀምጠናል።

“ልጄ፣ ትጸልያለሽ?” አላት።

ዋሽታው ብትገላገል ምናለበት?

“አልጸልይም፣ አባዬ።”

“ረሳሽው?”

“እንዴት ብዬ እረሳዋለሁ? ስጀምረው ይርበኛል እንጂ።”

እኔ ኮርኒሱን ማየት ጀመርኩ። እሱ ሲያስል ቆየና፣ “ሌላ የማወርስሽ የለኝም” አለ። “ባዶ እጅሽን ትቼሽ ልሂድ? እስቲ ጸሎቱን አንዴ በይልኝ። ብትሳሳቺም አልናገርሽም።”

“አንተ? አንተማ አያስችልህም።”

“ለመናገር ትንፋሹ የት አለና።”

ፈገግ አለች፣ ጀመረች። መሃል ላይ፣ የበደሉንን ይቅር እንደምንል የሚለውን ዘለለችው። አውቃ ይሁን ሳታውቅ አልጠየቅኳትም። ስህተቱ ገባትና ቆመች፤ “ናጂው” እስኪላት ጠበቀች። ምንም የለም። ቀጠለች፣ እስከ አሜን።

ዞር ብላ ስታየው ትንፋሹ የለም።

ስታለቅስ ቆይታ፣ “ስዘል ሰምቶ ነው ዝም ያለኝ ወይስ ቀድሞ ሄዷል?” አለችኝ።

“ሰምቶሻል። ጥርሱን ነክሶ ቻለሽ” አልኳት።

“ማልልኝ።”

ማልኩላት። እሷ ስትጸልይ ዓይኔን ጨፍኜ እንደነበር ግን እስካሁን አልነገርኳትም።