ያልቆለፍኩት ሄልሜት

ዝናብ የመታው ወፍራም ጃኬት ትኩስ ሞተር ላይ ሲሰጣ የሚወጣው ሽታ፣ ያ የእርጥብ ጨርቅና የቤንዚን ቅልቅል፣ ዛሬም ደሴ ውስጥ በቆመ ሞተር አጠገብ ሳልፍ በድንገት ያገኘኝና ወዳደግሁባት መካነ ሰላም ይመልሰኛል። አባቴ የእንስሳት ሐኪም ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ቀይ ሞተር እየነዳ፣ የመድኃኒት ሳጥኑን ከኋላው አስሮ፣ በየቀበሌው እየዞረ ከብት ያክም ነበር፤ ክረምት ሲሆን ጭቃ በጭቃ ሆኖ አመሻሽ ላይ ይመለስና ጃኬቱን ሞተሩ ላይ ይዘረጋው ነበር።

ከዕቃው ሁሉ የሚሳሳው ግን ለሄልሜቱ ነው። አክስቴ ዘሐራ ዓረብ አገር ሠርታ ስትመለስ ያመጣችለት፣ ጥቁር፣ እስከ አገጭ የሚሸፍን ሄልሜት ነበር። የትም ሲያቆም ሰንሰለቱን በጃኬቱ እጅጌ አሳልፎ፣ በሄልሜቱ የፊት ክፍተት አስገብቶ በአንገቱ በኩል አውጥቶ፣ ከኋላ ጎማው ሽቦዎች ጋር አዙሮ በጓጉንቸር ይቆልፈዋል። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ሥራውን ለእኔ ሰጠኝ። «በማሰሪያው ብቻ ከያዝሽው በምላጭ ቆርጠው ይወስዱታል፤ በውስጡ አሳልፊው» ይለኝ ነበር። ጓጉንቸሩ ቀጭ ሲል አንድ ትልቅ ነገር የሠራሁ እየመሰለኝ ቀና ብዬ አየው ነበር።

የጓጉንቸሩ ቁልፍ ሁለት ነበር፤ አንዱ አባቴ ኪስ፣ ሌላው ጋሽ ይመር ዘንድ። ጋሽ ይመር የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛና የአባቴ የልብ ወዳጅ ነበሩ። ኢድን ያለ እሳቸው በልተን አናውቅም፤ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ከገጠር ቤታቸው የባቄላ እሸት በጋቢያቸው ቋጥረው ያመጡልኝና እኔ ስፈለፍል ቁጭ ብለው ያዩኝ ነበር።

አሥር ዓመት የሞላኝ በጋ፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ አባቴ ከኋላው አፈናጦኝ መሥሪያ ቤቱ ግቢ እንደገባን አንድ ገበሬ እየሮጠ መጣ። «ዶክተር፣ ድረስልኝ! በሬዬ ሆዱ ተነፍቶ ሊሞትብኝ ነው!» አለ። አባቴ ሄልሜቱንና ጃኬቱን አውልቆ፣ «ፋጤ፣ ቆልፊው» ብሎ ቁልፉን ሰጠኝና ሳጥኑን አንጠልጥሎ ተከተለው። ጋሽ ይመር ለዙሁር ሰላት መስጊድ ሄደው ነበርና ግቢው ውስጥ ሰው አልነበረም። ጃኬቱን ቆለፍኩ። ሄልሜቱን ግን አጠለቅሁትና በሞተሩ መስታወት ራሴን ሳይ፣ ጓደኛዬ ሰዓዳ ከአጥሩ ውጭ ጠራችኝ። መቀመጫው ላይ አስቀምጬው ወጣሁ፤ አንድ አፍታ ነው ብዬ። ስመለስ መቀመጫው ባዶ ነበር።

ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አላውቅም። አባቴ በሬውን አድኖ እየሳቀ መጣ።

«ሄልሜቱስ?»

«ቆልፌው ነበር» አልኩ።

ሰንሰለቱ አልተቆረጠም፣ ጓጉንቸሩ አልተሰበረም። አባቴ ሰንሰለቱን ደጋግሞ አገላብጦ ካየ በኋላ፣ ከሰላት ወደተመለሱት ጋሽ ይመር ዞረ። «ቁልፉን ለሰው ሰጥተው ነበር እንዴ?» አላቸው። «ወላሂ፣ ከኪሴ አልወጣም» አሉ። አባቴ አልተቆጣም፣ አልሰደበም፤ እጁን ዘርግቶ «እስቲ ቁልፉን ይስጡኝ» ብቻ አለ። ጋሽ ይመር መጀመሪያ አልገባቸውም። የገባቸው ጊዜ ኪሳቸውን ይዳብሱ የነበሩት ጣቶቻቸው ቆሙ። እኔ አባቴ ጎን ቆሜ ጫማዬን አይ ነበር።

ወሬው ግቢውን አልፎ ገበያ ወጣ። በልግ ሲገባ ጋሽ ይመር ሥራቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ትተው አገራቸው ገቡ። «ሌባ እየተባልኩ የሰው በር አልጠብቅም» ማለታቸውን እናቴ ለአባቴ ስትነግረው ሰማሁ።

ክረምት መጣ። አባቴ ራሱን በሻሽ ጠምጥሞ ይነዳ ጀመር፤ በሐምሌ አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ጭቃው አዳለጠውና ጭንቅላቱ ከድንጋይ ተጋጨ። አልሐምዱሊላህ፣ ነፍሱ ተረፈች፤ ግራ ጆሮው ግን ከዚያ ወዲያ አልሰማም። ተኝቶ ሳለ ጋሽ ይመር በዚያ ዝናብ ግማሽ ቀን በእግራቸው ተጉዘው ሊጠይቁት መጡ። ከአልጋው ራቅ ብለው ተቀመጡ፤ አባቴም እንደ እንግዳ ሰው በአጭሩ አመሰገናቸው። ሲወጡ በር ላይ አገኙኝና «ፋጤ፣ ነይ እንጂ ሳሚኝ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሮጬ ጓሮ ገባሁ፤ ጭቃውን እየረገጡ ሲሄዱ ሰማኋቸው። ሌላ ጊዜ አላየኋቸውም።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ በመስከረም ቤት ስመለስ ጋሽ ይመር መሞታቸውን ሰማሁ። በማግስቱ ጠዋት በአባቴ ቀኝ በኩል ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። «ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?» አለኝና ተነስቶ ጫማውን ፈለገ። ተከትዬው የጋሽ ይመር ቤት ሄድኩ።

ባለቤታቸው እትዬ ሙሉ ቃሌን እስክጨርስ አላቋረጡኝም። አባቴ «አፉ ይበሉን» ብሎ ሊያጎነብስ ሲል በእጃቸው አስቆሙት። ወደ ጓሮ ወጥተው ሁለት ትልልቅ ወንዶች ልጆቻቸውን ጠርተው ገቡ፤ ከእርሻ እንደመጡ እጃቸው አፈር ነበር። «እነዚህ የሌባ ልጆች እየተባሉ ነው ያደጉት» አሉኝ። «በይ እንደገና ተናገሪው፤ እነሱም ይስሙት።»

ተናገርኩት። ትንሹ መሬት መሬቱን እያየ ሰማኝ፤ ትልቁ ሳልጨርስ ወጥቶ ሄደ።

አሁን የአንድ ልጅ እናት ነኝ። ልጄ ብርጭቆ ሰብራ ስትደበቅ ቁጣዬን ውጬ እጠብቃታለሁ፤ ወጥታ እስክትነግረኝ። እኔ በአሥር ዓመቴ ብናገረው የሚያገኘኝ አንድ ጥፊ ነበር፤ ያንንም እስከ ማታ እረሳው ነበር። በሃያ ሁለት ዓመቴ ጋሽ ይመር ቤት ሁለት ጊዜ ተናገርኩት፤ ሊሰሙት የሚገባቸው ሰው ግን እዚያ ቤት ውስጥ አልነበሩም።