ጀይላን የቀበራቸው

ጣልያን ሸዋ ሮቢት ገብቶ መንገድ ማስጠረግ በጀመረ በሁለተኛው ዓመት፣ የጣልያኑ ሹም ከእንግዲህ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም አጠገብ ሬሳ አይቀበርም፣ የሞተ ሁሉ ከከተማው ዳር ባለው አዲስ መቃብር ይግባ ብሎ አዘዘ። ቆፋሪ ሲፈለግ ጀይላን ተያዘ። ክንደ ብርቱ፣ ዝምተኛ ገበሬ ነበር። ልጆቹን አስቦ እምቢ አላለም። መጀመሪያ የቀበረው ወባ የጨረሳቸውን የመንገድ ሠራተኞች ነው።

በግንቦት ሁለት ሰዎች ለአርበኞች ስንቅ አቀብላችኋል ተብለው ተረሸኑ። አንዱ የቀወቱ ይልማ፣ ሌላው ሙሄ የሚባል ነጋዴ ነበር። ሹሙ ሁለቱም ባንድ ጉድጓድ እንዲጣሉ አዘዘ፤ ቦታውን የተናገረ ሰው እንደነሱ እንደሚሆን በአስተርጓሚ አስነገረ። ጠባቂዎቹ ከፀሐይ ሸሽተው ግራር ሥር ሲቀመጡ ጀይላን ጉድጓዱን አስፍቶ መሐሉን በአፈር ከፈለው። ሙሄን በጎኑ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አዞረው፤ ይልማን ክርስቲያኖች ሲያደርጉ እንዳየው ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ አስተኛው።

በሦስተኛው ቀን የይልማ ሚስት ሐረገወይን እንጨት ለቃሚ መስላ ወደ መቃብሩ መጣች። ባሏ የቱ ጋ እንዳለ ጠየቀችው። ጠባቂው ቅርብ ነበርና ጀይላን ቀና ብሎ ሳያያት አላውቅም አላት። እንጨቷን ተሸክማ ሄደች። ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ አለው። ሚስቱ ናፊሳ ምን ሆነህ ነው ስትለው ወባ ነው እያለ አለፋት።

ሳምንት ሳይሞላ ቀወት ድረስ በእግሩ ሄደ። ሐረገወይንን ደጃፏ ላይ ማሽላ ስታበጥር አገኛት።

«እትዬ፣ የዚያን ቀን ዋሽቼዎታለሁ። ከግራሩ በስተግራ ነው ያሉት» አላት።

ማበጠሯን አቁማ፣ «ማን ጸለየለት?» አለችው።

«ቄስ አልነበረም። እኔ በማውቀው ዱዓ አደረግሁ።»

ሰፌዱን አስቀምጣ አለቀሰች። ጀይላንም እስክትጨርስ ቆሞ ጠበቃት።

ጣልያን በወጣ ጊዜ ሐረገወይን ቄስ ይዛ መጥታ የባሏን አጽም ወደ ደብሯ አስወሰደች። የከተማው ሰው ግን ጀይላንን የጣልያን ቀባሪ እያለ ሰላምታ ነፈገው። አዲሱ ሹም መቃብሩን ሊያስመዘግብ ሲነሳ የሚያውቅ ሌላ ስላልተገኘ እሱኑ አስጠራው። ጀይላን ከጸሐፊው ጋር እየዞረ የሚያውቀውን ስም ሁሉ አስጻፈ። መንገድ ሠራተኞቹ ጋ ሲደርሱ፣ «እነዚህን ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም፤ ሲመጡልኝ መናገር አቁመው ነበር» አለ።

እዚያው ሥራ ላይ ቀረ። ፊታቸውን ያዞሩበት ሰዎች ዘመዶቻቸውን ሲያመጡ ጉድጓዱን የሚቆፍረው እሱ ነበር፤ ቀብሩ ሳያበቃ አካፋውን ይዞ ዞር ይላል። ሐረገወይን ብቻ ገበያ በመጣች ቁጥር ደጁ ደርሳ ደህንነቱን ትጠይቅ ነበር።